ቡናችን፣ ኢንዛይሙና የተመራማሪው ዕድሜ

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣ። ትውልዱ ከአጋሮ አካባቢ ነው። በእጁ የያዘው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥሬ ቡና ነበር፤ ጠረጴዛችን ላይ ፈታውና ፍሬዎቹን በሁለት ጎራ ለያቸው። የአንደኛው ጎራ ፍሬዎች አረንጓዴነታቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሁለተኛው ግን ከፊሉ የነጣ፣ ከፊሉ የጠቆረ፣ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ሻገት ሻገት የሚል ነው። «መምህር፣ ሁለቱም ከአንድ ማሳ የተለቀሙ ናቸው። ይሄኛውን አባቴ ሲሸጥ ዋጋው ወደቀበት። ውስጡ የተለወጠው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ቀጥሎም «ይህን የሚያጠና ሰው የትኛው ትምህርት ክፍል ነው የሚገባው?» አለ።

የፊዚክስ መምህር እንደመሆናችን ለመጀመሪያው ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረንም፤ ወደ ኬሚስትሪ ባልደረባችን መራነው። ለሁለተኛው ግን ሳናመነታ መለስን። ባዮኬሚስትሪ ነው፣ ነገር ግን ሥራ አይገኝበትም፣ ውጤትህ ካበቃህ ፋርማሲ ይሻልሃል አልነው። ልጁ አመስግኖ ወጣ፤ ቡናውን ረስቶት ይሁን አውቆ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ያን ዕለት የሰጠነው መልስ ትክክል አልነበረም ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሣ። ኢንዛይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንግዳ ቃል አይደለም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ይሸመደዳል እንጂ ሥራው አይታሰብም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ተራራ ማለፍ አለበት። ዋሻው ከመቆፈሩ በፊት ተራራውን መውጣት ግድ ነበር፤ ዛሬ መኪናው በተራራው ሆድ ሰንጥቆ ያልፋል። ልብ እንበል፤ ዋሻው የደብረ ብርሃንንም ሆነ የደብረ ሲናን ከፍታ አልለወጠም። የለወጠው በመካከል ያለውን አቀበት ነው። ኢንዛይምም እንደዚሁ ነው። አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጻሜው ቁልቁለት ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ የሚወጣው የኢነርጂ አቀበት አለው፤ ኢንዛይሙ ያን አቀበት ዝቅ ያደርገዋል፣ እርሱ ግን በለውጡ አያልቅም። በጉበትና በድንች ውስጥ የሚገኘው ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ወደ ውኃና ወደ ኦክስጅን ይለውጣል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚሻ ተማሪ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በተቆረጠ ጥሬ ድንች ላይ ጠብ ያድርግበት፤ የሚያየው አረፋ ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። አቮካዶ ተቆርጦ ሲቆይ ፊቱ ይጠቁራል፤ የተላጠ ሙዝም፣ የተፋቀ እንሰትም መልኩን ይለውጣል። የዚህ ሁሉ ዋና ተዋናይ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በመካከሉ ሁለት የመዳብ አቶሞች ተቀምጠዋል። እነዚህ አቶሞች ፌኖል ከሚባሉት የዕፅዋት ውሁዶች ኤሌክትሮን ተቀብለው ለአየሩ ኦክስጅን ያስረክባሉ። ኤሌክትሮኑን ያጣው ፌኖል ኪዊኖን ይሆናል፤ ኪዊኖኖቹም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ያን የምናውቀውን ቡናማ ቀለም ይሠራሉ። ኤሌክትሮን ማጣት ኦክሲዴሽን፣ መቀበል ደግሞ ሪዳክሽን ይባላል፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ስለሚቀበል ሁለቱ ተለያይተው አይገኙም፣ ስማቸውም ተጣምሮ ሪዶክስ ተብሏል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ኤሌክትሮን በሽቦና በትራንዚስተር ውስጥ ብቻ የሚሄድ፣ የእኛ ብቻ ንብረት ይመስለናል። እውነቱ ግን በምንተነፍሰው እያንዳንዱ ትንፋሽ ከበላነው እንጀራ የተነሡ ኤሌክትሮኖች ከኢንዛይም ወደ ኢንዛይም እየተቀባበሉ ወደ ኦክስጅን ይደርሳሉ፤ የምንኖረው በዚህ ጉዞ ነው። (እናቶቻችን በአቮካዶው ላይ ሎሚ የሚጨምቁት ያለ ነገር አይደለም። የሎሚው አሲድ ኢንዛይሙን ያደክመዋል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ኤሌክትሮን ለጋስ ነው።)

በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ኢንዛይሙና ፌኖሉ በተለያየ ክፍል ስለሚኖሩ አይገናኙም። ግድግዳው ሲፈርስ ግን ይገናኛሉ። የአረቢካ ጥሬ ቡና ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 8 እጁ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባሉት ፌኖሎች ስለሆነ ግድግዳው ሲፈርስ የሚነደው ማገዶ ብዙ ነው። እሸቱ ተለቅሞ በክምር ሲውል፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ሲመታው፣ ሕዋሱ ይቆስላል፤ ሻጋታውና ባክቴሪያውም የየራሳቸውን ኢንዛይም ይዘው ይገባሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንረሳው አንድ ነገር አለ፤ በአልጋ ላይ የተሰጣው ፍሬ ሕይወት ያለው ዘር ነው። በጀርመን አገር በብራውንሽዋይግ ዲርክ ዜልማርና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ አጋማሽ እንዳሳዩት፣ ቡናው በሚዘጋጅበትና በሚደርቅበት ጊዜ ዘሩ የመብቀል ሥራውን ይጀምራል። ይህን ያወቁትም አይሶሲትሬት ላየዝ የተባለውን ኢንዛይም ምልክት አድርገው ነው። በውኃ የሚዘጋጀው ቡና ይህን ሥራ ቀድሞ ሲጀምር በጀንፈል የሚደርቀው ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሁለቱ ቡናዎች በስኒ ውስጥ የማይመሳሰሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል። በሊሙና በጎማ በየዓመቱ የሚደርቀውን ቡና አስቡት፤ አልጋው ሙሉ የሚተነፍስ ዘር ነው።

እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ኖሯል። ይህን ጥያቄ ሕይወቴ ብሎ የያዘ ሰው ይኖር ይሆን ብለን ስንፈልግ ያገኘነው በጅማ ሳይሆን በብራዚል ነው።

በ1968 አሞሪምና ሲልቫ የተባሉ ሁለት ብራዚላውያን በኔቸር መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ በቡና ፍሬ ውስጥ ያለው የፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ እንቅስቃሴ ከመጠጡ ጥራት ጋር ግንኙነት እንዳለው አስታወቁ። መጥፎ ጣዕም ባላቸው ቡናዎች ውስጥ የኢንዛይሙ እንቅስቃሴ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ነገሩ በኋላ ሲመረመር እንደታሰበው ቀላል አልሆነም፤ ነገር ግን ጥያቄው በካምፒናስ ከተማ ሥር ሰደደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፓውሎ ማዛፌራ የምርምር ዕድሜውን ሰፊ ክፍል ለቡና ኢንዛይሞች ሰጠ። በ1991 ከእንግሊዛዊው አለን ክሮዚየርና ከሌላ ባልደረባ ጋር ቡና ካፌይንን እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያፈርስ የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። በ1994 ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ቴዎብሮሚን የተባለውን ውሁድ ወደ ካፌይን የሚለውጠውን ኢንዛይም ከቡና አውጥቶ አጣራ። በ2000 ደግሞ ከአውስትራሊያዊው ሳይመን ሮቢንሰን ጋር የቡናን ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ጠባይ መረመረ።

ይህ በሦስት መስመር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ኢንዛይም ማጣራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አይልም። ቅጠሉ ወይም ለጋው ፍሬ በቅዝቃዜ ይፈጫል፤ ከጭማቂው ውስጥ ከሺህ ፕሮቲኖች መካከል አንዱን ለመለየት ከአንድ ማጣሪያ ወደ ሌላ ማጣሪያ ይተላለፋል፤ በየደረጃው ጥቂቱ ይጠፋል፤ ካፌይን ሠሪው ኢንዛይም ደግሞ በተለይ ቶሎ የሚሞት በመሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ የቡና ቅጠል ሲፈጭ ፌኖሎቹና ፖሊፌኖል ኦክሲዴዙ ተገናኝተው ጭማቂውን ያጠቁሩታል፤ የሚፈለገውንም ኢንዛይም ይገድሉታል። ስለዚህ ፌኖሉን የሚይዝና ኦክሲዴሽኑን የሚገታ ነገር መጨመር የግድ ነው። እዚህ ላይ የአንድን ተመራማሪ የሕይወት መስመር ማየት ይቻላል። በአንዱ ሥራ እንቅፋት የሆነበት ነገር በሌላው ሥራ ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሆናል። ጉዳዩን ትቶ የሚሄድ ሰው እንቅፋቱን ያማርራል፤ የሚቆይ ሰው ግን ያጠናዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቆረቁር ነው። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሰማራው የባለሙያዎች ቡድን በአገራችን የቡና ደኖች ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ሞናኮ የተባለው ብራዚላዊ ነበር። ከዚያ የተገኘው ዘር ወደ ተለያዩ አገሮች ተላከ፤ ከፊሉም በኮስታ ሪካ በኩል ብራዚል ደረሰና በካምፒናስ ተተከለ። ዛፎቹ አደጉ፣ ዓመታት አለፉ። ከዚያም ማሪያ በርናዴት ሲልቫሮላና ማዛፌራ ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3000 ያህል ዛፎችን አንድ በአንድ ካፌይናቸውን ለኩ። ከሦስት ሺሁ መካከል ሦስቱ ከካፌይን ነጻ ለመባል የተቃረቡ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ በ2004 በኔቸር ወጣ። በሦስቱ ዛፎች ውስጥ ቴዎብሮሚን ተከማችቶ ይታይ ነበር። ካፌይን የሚሠራው በደረጃ በደረጃ ነው፤ በየደረጃው አንድ ሜታይል ይጨመራል፤ የመጨረሻው ደረጃ ቴዎብሮሚንን ካፌይን ማድረግ ነው። ቴዎብሮሚኑ ከተጠራቀመና ካፌይኑ ከጠፋ፣ የታጠፈው መንገድ የመጨረሻው ነው፤ ሥራውን ያቆመው ያ በ1994 የተጣራው ኢንዛይም ነው ማለት ነው። ለሌላ ሰው የቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ የሚመስለውን ውጤት ማዛፌራ እንደ ሰፈሩ መንገድ አነበበው፤ ያንን ሰፈር ዓመታት ተመላልሶበታልና።

ሦስቱ ዛፎች የተሰየሙት በአልሲደስ ካርቫሎ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ካርቫሎ በካምፒናስ የእርሻ ምርምር ተቋም ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በቡና ላይ ብቻ የሠራ ሰው ነው። የዛፎቹ ምርት ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ ገበያ ለማድረስ ተጨማሪ የማዳቀል ሥራ አስፈልጓል፤ ስለዚህ ሀብት በአንድ ሌሊት አልተዘነበም።

ዜናው በተሰማ ጊዜ በአገራችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ዘሩ የእኛ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ለሌላ ሊሆን ነው ተባለ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የዘር ባለቤትነት ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሌላም ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባን ነበር ብለን እናምናለን። ዛፎቹ የተገኙበት ደን እኛ ዘንድ ነው። ሦስት ሺህ ዛፍ አንድ በአንድ የመለካት ትዕግሥት ያለው ሰው ለምን እኛ ዘንድ አልነበረም?

«መሣሪያ የለንም» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እውነትነት አለው፤ ግማሽ እውነት ነው። ኢንዛይሞች ምን ያህል ፍጥነት እንዳላቸው የሚነግረን፣ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው እኩልታ የተገኘው በ1913 በበርሊን ነው። ከካናዳ የተሻገረችው ሐኪም ማውድ ሜንተንና ሌዮኖር ሚካኤሊስ በአንድ ሆስፒታል ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነው የሠሩት ሥራ ነው። መሣሪያቸው ስኳር የብርሃንን አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያዞር የሚለካ ፖላሪሜትር ነበር። ፖላሪሜትር በእኛም የፊዚክስ ላቦራቶሪዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ አቧራውን ጠርጎ የሚያነሣው ሲገኝ ማለት ነው። በአንድ ስሙን በማንጠቅሰው ተቋም ሳለን አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ለወራት «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቆሞ አይተናል። ከፍተን ስናየው የተቃጠለው አምፖሉ ብቻ ነበር። አምፖሉን ለመግዛት የሚያስፈልገው ፊርማ ግን ከአምፖሉ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ከጅማ የተነሣ፣ ግን ጥያቄውን ያልለቀቀ ሰው ምሳሌ ካስፈለገ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አሉ። በ1952 በአሜሪካኖች እርዳታ በተቋቋመው የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ዛሬ ይህ ትምህርት ቤት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኑ። በሱዳን ከሠሩ በኋላ በ1984 ወደ ፐርዱ ተመልሰው የማሽላን ጠላት አቀንጭራን ያዙ። አቀንጭራ ዘሩ መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲሸት ብቻ የሚነቃ ጥገኛ አረም ነው። ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ይህን ኬሚካል የማያመነጩ ማሽላዎችን የሚለዩበትን ዘዴ አበጁ፤ ሥራው በ1992 ታተመ። ዘዴው እጅግ ርካሽ ነው። በሳህን ውስጥ የረጋ አጋር አለ፤ በላዩ የአቀንጭራ ዘርና አንድ የማሽላ ቡቃያ ይቀመጣል፤ ከሥሩ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው የአቀንጭራ ዘር እንደበቀለ በማስመሪያ ይለካል። ማስመሪያ ያልነው በትክክል ማስመሪያ ነው!

በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለገቢሳ ተሰጠ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን ደስ የሚለን የ2017ቱ ነው። ገቢሳ፣ ተስፋዬ መንግሥቴና ባልደረቦቻቸው በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጥናት አቀንጭራን የሚቋቋሙት ማሽላዎች የጎደላቸው አንድ ኢንዛይም እንደሆነ አሳዩ። ኢንዛይሙ ሲጠፋ ሥሩ የሚያመነጨው የኬሚካል ዓይነት ይለወጣል፤ አቀንጭራውም የለመደውን ጥሪ ስለማይሰማ ተኝቶ ይቀራል። በማስመሪያ ከተለካው ሚሊ ሜትር እስከ ኢንዛይሙ ስም ድረስ ያለው መንገድ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል። የጠያቂው ስም በሁለቱም ጽሑፎች ላይ አለ።

እዚህ ላይ ስለራሳችን መናገር ግዴታችን ነው። እኛም ውጭ አገር ተምረን ዶክተር ተብለን ስንመለስ አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር። ሁለት ዓመት አልቆየም። የማታው ትምህርት ክፍያ አለው፤ ኮሚቴ አለ፤ የክፍል ኃላፊነት አለ፤ ለጋሾች በየሦስት ዓመቱ ርእስ ሲለውጡ እኛም አብረን ለወጥን። ማንም በጠመንጃ አላስገደደንም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያየ ሰው ምን እንደምንል ይገባዋል። እያንዳንዱ ጽሑፍ በአዲስ ርእስ ይጀምርና «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ተጨማሪውን ጥናት የሚያካሂድ ግን የለም፤ ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ርእስ ይሰጠዋል። አንድ ወጣት መምህር አንድ ኢንዛይም ይዞ አሥር ዓመት እንዲቆይ ቢፈቀድለት፣ የማስተማር ጫናው ቢቀንስለት፣ በዓመት ለኬሚካል የምትበቃ ትንሽ ገንዘብ ቢመደብለት፣ የክፍል ኃላፊም ባይደረግ፣ ተማሪዎቹም ሁሉ በተራ በተራ ያንኑ ጥያቄ ቢያርሱት፣ ወጪው ከአንድ ዓውደ ጥናት አዳራሽ ኪራይና መስተንግዶ የሚበልጥ አይመስለንም።

ይህን ስንል አንድ ባልደረባችን የጎማ ወረዳውን ዱሮሚናን ጠቀሰልን። የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር በ2010 ተቋቁሞ፣ ማጠቢያ ጣቢያ ተክሎ፣ በ2012 በአፍሪካ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ቀድሞ ቡናቸው በጀንፈል ደርቆ በዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር። «ኢንዛይም ያጠና ሰው አልነበረም፤ የበሰለውን ብቻ ለቀሙ፣ በወቅቱ ፈለፈሉ፣ በንጽሕና አደረቁ፤ በቃ» አለን። እውነቱን ነው፣ ምስጋናውም ለገበሬዎቹ ይገባል። እንዲያውም በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያንን አጣባቂ ልፋጭ የሚያሟሟው የረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይም ስለሆነ ገበሬዎቹ ስሙን ሳይጠሩ ኢንዛይም አስተዳድረዋል። ነገር ግን ማጠቢያ ጣቢያ የሌለው፣ ውኃ የሌለው ቀበሌ ብዙ ነው፤ እዚያ ቡናው ዛሬም በጀንፈል ይደርቃል፣ የልጁም አባት ከእነርሱ አንዱ ነው። ለእነርሱ ምን እንበላቸው? በስንተኛው ቀን ነው ፍሬው የሚበላሸው? ክምሩ ስንት ሰዓት ቢቆይ ነው ሕዋሱ የሚፈርሰው? በማናና በጌራ ከፍታ መልሱ አንድ ዓይነት ነው? ይህን የካምፒናስ ሰው ሊመልስልን አይችልም፤ አየሩም፣ ዛፉም፣ አልጋውም የእኛ ነው።

ትዕግሥቱ በአካባቢው ጨርሶ ያልነበረ ነገር እንዳይመስለን ደግሞ መልቆን ማስታወስ ይበቃል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ የጅማ ምርምር ማእከል ሰዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ በታመመ ማሳ መካከል ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን ፈለጉ፤ ዘራቸውን ወስደው ተከሉ፣ ፈተኑ። ገበሬው ዛሬም በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት 1974 ነው። ከእነዚህ ሁለት ዝርያዎች መካከል በመድረቂያ አልጋ ላይ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዙ ቶሎ የሚቀሰቀስበት የትኛው ነው? በአጋሮ አጠገብ በጮጬ የዘር ማቆያ ማሳ ላይ በሺህ ከሚቆጠሩት ዛፎች መካከል ቴዎብሮሚን አጠራቅሞ ካፌይን የማይሠራ ይኖር ይሆን? እነዚህ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከጅማ በሚኒባስ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ልጁ ምክራችንን ሰምቶ ፋርማሲ ገብቷል። ደርሰን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሳቀ። ከሁለት ወር በፊት በአንድ ቅዳሜ ከኬሚስትሪው ባልደረባችን ጋር ሦስት ሆነን ላቦራቶሪ ገባን። ጠረጴዛችን ላይ ትቶት የሄደውን ቡና አስቀምጠነው ነበርና እርሱን አነሣን፤ ያረጀ ቡና መሆኑን እናውቃለን፣ ለልምምድ ነው። ልጁ ከአንድ ሻይ ቤት በረዶ ለምኖ አመጣ። ሁለቱን ጎራዎች በሙቀጫ ለየብቻ ወቀጥን፣ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍን፣ በጨርቅ አጠለልን። አምፖሉ በተቀየረለት ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ የመጀመሪያውን ጎራ ጭማቂ አስገብተን ፌኖል ስንጨምርበት ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ልጁ በየሠላሳ ሰከንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ እኛ እንጽፋለን። በአራተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቅን፣ አልመጣም፤ ሁለተኛው ጎራ ሳይለካ ቀረ። ስምንቱ ቁጥሮች በደብተራችን አሉ። ለጥቅምት እሸቱ ሲደርስ አባቱ ከሁለቱም ዓይነት ግማሽ ግማሽ ኪሎ እንደሚልክልን ልጁ ነግሮናል።